«ብሔረሰብ» የሚለው መስመር፦ ራስን በራስ ስለ ማከም በሚጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ስለ መውሰድ ልማድ በኢትዮጵያ የተጻፉ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ የሚከተሉት ሥርዓትም ተመሳሳይ ነው። በመጀመሪያ የተጠያቂዎቹ ሁኔታ የሚዘረዘርበት ሰንጠረዥ ይቀርባል፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ ብሔረሰብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የወር ገቢ። ቀጥሎ ከተጠያቂዎቹ ስንቱ ራሱን በራሱ እንዳከመ በመቶኛ ይገለጻል። በመጨረሻም ከሰንጠረዡ መስመሮች የትኛው ከልማዱ ጋር ዝምድና እንዳለው በስታትስቲክስ ቀመር ይፈተናል። ከእነዚህ መስመሮች ሁሉ በቀላሉ የሚጠየቀው፣ ነገር ግን እምብዛም የማይመረመረው «ብሔረሰብ» የሚለው ነው።

ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ ወደ መጠይቅ የሚገባው አንድ የሕክምና ጥያቄ ጠርቶት ሳይሆን ከቀደመ መጠይቅ ሲገለበጥ አብሮ በመምጣቱ ነው። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ግን በዝምታ አይቀመጥም። «የእገሌ ብሔረሰብ ተወላጆች የባህል መድኃኒት ያዘወትራሉ» ወደሚል ዐረፍተ ነገር ይለወጣል። ዐረፍተ ነገሩም ከመጽሔቱ ገጽ ወጥቶ ወደ ሕክምና ክፍል ይገባል። ጉዳቱ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ለምሳሌ ያህል ደም ያስታወካቸው ሁለት ሕሙማን በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሆስፒታል መጡ እንበል። አንደኛው ከገጠር የመጡ አዛውንት ናቸው፤ አነጋገራቸው የትውልድ ቀያቸውን ይናገራል። ሁለተኛው የከተማ ነዋሪ የሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ተረኛው ሐኪም አዛውንቱን «ምን ዓይነት ሥር ጠጡ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሠራተኛውን ግን እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ሠራተኛው ለወገቡ ሕመም ለሦስት ሳምንታት ከመድኃኒት መደብር እየገዛ የዋጠው ዳይክሎፌናክ ሳይመዘገብ ያድራል። አዛውንቱም «የጠጣሁት ሥር የለም» ቢሉ እንደ ደበቁ ይቆጠራል። በማግስቱ ልጃቸው ከኪሳቸው የሚያወጣው የክኒን ማሸጊያ ያው ዳይክሎፌናክ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም የታመሙት በአንድ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱም በትክክል ሳይጠየቁ የቀሩት ደግሞ ሐኪሙ ስለ ወገናቸውና ስለ ኑሯቸው አስቀድሞ በያዘው ግምት ምክንያት ነው።

አማካዩ ምን ይላል?

በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ስልታዊ ዳሰሳ በኢትዮጵያ ስለዚህ ጉዳይ የተካሄዱ ጥናቶችን ሰብስቦ መርምሯል። ራስን በራስ የማከም መጠን ከጥናት ጥናት ከ12.8 እስከ 77.1 በመቶ እንደሚለያይ፣ አማካዩም 36.8 በመቶ እንደሆነ አመልክቷል። ተበታትኖ የነበረውን በአንድ ቦታ ማሰባሰቡ የሚያስመሰግነው ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ከዳሰሳው አንሥተው የሚጠቅሱት አማካዩን ብቻ ሲሆን፣ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የዳርና ዳሩ ርቀት ነው። በስድስት እጥፍ የሚለያዩ ውጤቶች አንድ ነገር አልለኩም። አንዱ ተማሪዎችን፣ ሌላው የቤተሰብ ኃላፊዎችን፣ ሌላው ነፍሰ ጡር እናቶችን ጠይቋል። ተጠያቂው እንዲያስታውስ የተጠየቀው የጊዜ ርዝመትም አንድ አይደለም። የቤት ቅጠላ ቅጠል በአንዱ ሲቆጠር በሌላው አይቆጠርም።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምና፣ የፋርማሲና የሌሎች ጤና ሳይንስ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ414 ተማሪዎች 213ቱ ሕመም እንደ ገጠማቸው ተናገሩ፤ ከእነዚህ መካከል 82ቱ ራሳቸውን በራሳቸው አክመዋል። ጥናቱ ያቀረበው 38.5 በመቶ የሚለው ቁጥር የተሰላው ከታመሙት ነው። ስሌቱ ከተጠያቂዎቹ ሁሉ ቢሆን ኖሮ 20 በመቶ እንኳ ባልሞላ ነበር። ሁለቱም ስሌት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከታመሙት የተሰላውን የአንዱን ከተማ ቁጥር ከነዋሪው ሁሉ ከተሰላው የሌላው ከተማ ቁጥር ጎን አስቀምጦ «የዚያኛው ሕዝብ ልማድ ከዚህኛው ይብሳል» ማለት ስሕተት ነው።

ከዚሁ ጥናት የሚገኝ ሌላም ትምህርት አለ። መድኃኒት ያለ ትእዛዝ ከወሰዱት መካከል ነገ ትእዛዝ የሚጽፉት ራሳቸው ይገኙበታል። ይህን ባህል ወይም ወገን አያስረዳውም፤ የሚያስረዳው ከመድኃኒቱ ጋር ያላቸው ቅርበትና «ዐውቀዋለሁ» የሚለው እምነት ነው። በተማሪው ላይ የሚሠራ ምክንያት በገበሬው ላይ የማይሠራበት ምክንያት የለም። ገበሬውም ባለፈው ዓመት ያዳነውን መድኃኒት ያውቀዋል።

በአንድ ከተማ የሚደረግ ጥናት ሌላም ችግር አለበት። ከተጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ከአንድ ብሔረሰብ ይሆኑና የቀሩት ጥቂቶች በሦስትና በአራት መስመር ይከፋፈላሉ። በአንዱ መስመር ዐሥር ሰዎች ብቻ ካሉ የአንዱ ሰው መልስ መቶኛውን በዐሥር ያወጣዋል፣ በዐሥር ያወርደዋል። እነዚያ ዐሥር ሰዎች ደግሞ ምናልባት በቅርቡ ለሥራ ወደ ከተማው የገቡ፣ በአንድ መንደር የሚኖሩ፣ ጤና ጣቢያው የሚርቃቸው ይሆናሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ልማዱን የስደተኛነት ወይም የርቀት ውጤት ብሎ መመርመር ሲገባ የብሔረሰብ ነው ማለት የተለካውን በሌላ ስም መጥራት ይሆናል።

«መድኃኒት» የሚለው ቃል

የመጠይቁ ዋና ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ወስደው ያውቃሉ?» የሚል ነው። ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም በአማርኛ «መድኃኒት» ክኒንም ነው፣ ሥርም ነው፣ ክታብም ነው፤ «መድኃኒት አደረገችበት» ሲባል ደግሞ ፈውስ አይደለም። በኦሮምኛ «ቆሪቻ»፣ በሶማልኛ «ዳዎ» የሚሉት ቃላት የየራሳቸው ስፋት አላቸው። ጥያቄው በአንድ ቋንቋ ተጽፎ፣ በቦታው በአስተርጓሚ አፍ ሲተላለፍ፣ ሁለት ተጠያቂዎች ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ።

ቋንቋው አንድ በሆነበትም ቦታ ችግሩ አይጠፋም። ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል አድርጋ ለሆድ ቁርጠት የጠጣች እናት መድኃኒት የወሰደች አይመስላትም፤ የጠጣችው ቡና ነው። ፌጦ አሽቶ የተቀባም፣ ጥቁር አዝሙድ በማር የላሰም እንዲሁ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ ለማያውቀው ወጣት ጠያቂ ጉዳዩን መግለጥ ያሳፍረው ይሆናል። ስለዚህ «አልወሰድሁም» የሚለው መልስ በአንዱ ቤት አለመውሰድን፣ በሌላው አለመቁጠርን፣ በሦስተኛው አለመናገርን ይገልጻል። ሦስቱ መልሶች በአንድ ዐምድ ተደምረው በብሔረሰብ ከተከፋፈሉ በኋላ የሚገኘው ልዩነት የልማድ ልዩነት መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም።

ኮሶ፦ ደጋውና ጥሬ ሥጋው

ራስን በራስ የማከም ልማድ ከሕዝብ ማንነት ጋር ተያይዞ ሲነሣ ቶሎ የሚጠቀሰው ኮሶ ነው። የኮሶ ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ መጠጣቱ በብዙ ቤቶች ለዘመናት የኖረ ሥርዓት ነበር። በገበያ የሚሸጥ ዕቃ እንደ ነበረም ታሪክ ያስታውሳል፤ ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው እንደ ነበር ይነገራል። በ19ኛው መቶ ዘመንም ኮሶ የአውሮፓ ሐኪሞች የሚያዝዙት መድኃኒት እስከ መሆን ደርሷል።

ይህ ልማድ የማን ነው? የአማራ ነው ያለ ተሳስቷል፤ የኦሮሞም የጉራጌም የትግሬም ቤት ያውቀዋል። ልማዱ የሚከተለው የወገንን ድንበር ሳይሆን ሁለት ነገሮችን ነው። አንደኛው ዛፉ ነው፤ ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ሁለተኛው ጥሬ ሥጋ ነው፤ ትሉ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈው በጥሬው ወይም በደንብ ሳይበስል በሚበላ ሥጋ ነው። ጥሬ ሥጋ የማይበላበትና ዛፉ የማይበቅልበት የቆላ አርብቶ አደር ኮሶ ባይጠጣ ከባህሉ መላቀቁን ወይም ለዘመናዊ ሕክምና መቅረቡን አያሳይም፤ የሚያሽረው ትል የለበትም። የዚያው አርብቶ አደር ልጅ ከተማ ገብቶ ቁርጥ መብላት ቢጀምር ትሉ ወገኑን አይጠይቀውም።

ሕክምናዊ ቁም ነገሩ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኮሶ ብርቱ ማስቀመጥና ማስታወክ ያስከትላል፤ ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ ዓይንን እንደሚጎዳ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ዛሬ ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ስላሉ ይህን አደጋ መሸከም አያስፈልግም። እንግዲህ ድንገት ዓይኑ የደከመበትን ሕመምተኛ መጠየቅ የሚገባው «የየት አገር ሰው ነህ?» ተብሎ ሳይሆን «ጥሬ ሥጋ ትበላለህ? ኮሶ ጠጥተህ ታውቃለህ? ስንት?» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግምት ይሰጣል፤ የኋለኞቹ መረጃ ይሰጣሉ።

ምችና ዳማ ከሴ

ልማዶች በብሔረሰብ ተለያይተው ይኖራሉ የሚለውን አሳብ ከኮሶም ይልቅ የሚፈትነው ምች ነው። ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የከንፈር ቁስል ሲመጣ «ምች መታኝ» ማለት፣ የዳማ ከሴን ቅጠል ጨምቆ መጠጣትና መታጠብ በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ የታወቀ ነው። በኦሮምኛም ያው ቅጠል «ቆሪቻ ሚቺ»፣ ማለትም የምች መድኃኒት ይባላል። የበሽታው ስምም፣ ቅጠሉም፣ አጠቃቀሙም ከቤት ወደ ቤት ተሻግሯል። ጎረቤታሞች ለዘመናት በአንድ ገበያ ሲገበያዩ፣ በጋብቻ ሲተሳሰሩ፣ ልጅ ሲታመም አንዱ ከሌላው ጓሮ ሲቀጥፍ ኖረዋል። የጥናቱ ሰንጠረዥ ሁለት ቦታ የሚከፍላቸው ሰዎች የሚጠቀሙት አንድ ቅጠል ነው።

ቅጠሉ ባዶ እምነት ብቻ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በ2003 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የታተመ ሥራ የዳማ ከሴ ቅጠል ጭማቂ በአይጦች ላይ ትኩሳት የማብረድ ጠባይ እንዳለው አሳይቷል። አደጋውም በዚሁ በኩል ይመጣል። ትኩሳቱ ሲበርድ ወባው አይበርድም። በወባማ አካባቢ አንድ ሕፃን ለሁለት ቀን በዳማ ከሴ ታሽቶ በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ቢመጣ፣ ወላጆቹ የየትኛውም ብሔረሰብ ይሁኑ የጠፋው ጊዜ ያው ሁለት ቀን ነው። በዚያ ቦታ የሚያድነው ትምህርት «ዳማ ከሴን ተዉ» የሚል ሳይሆን «ዳማ ከሴውን ብታደርጉም ደሙን በዚያው ቀን አስመርምሩ» የሚል ነው። ልማዱን በወገን የፈረጀ ጥናት ግን ይህን ምክር ለማውጣት የሚረዳ ነገር አይሰጥም።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ይህንኑ በጉልህ አሳይቷል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ የፈለገው አንድ ወገን አልነበረም። ፍርሃቱ አንድ፣ ወሬው አንድ፣ ገበያው አንድ ስለ ነበር መድኃኒቱም አንድ ሆነ።

ከመደብሩ ፊት

ሄልሙት ክሎስ በ1974 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ሥራ የአዲስ አበባን ፋርማሲዎች፣ የመድኃኒት መደብሮችና የገጠር መድኃኒት ሻጮች መልክዐ ምድራዊ ስርጭት፣ እንዲሁም ደንበኞቻቸው ከየት እንደሚመጡ መርምሮ ነበር። ጥያቄው «ማን ነው የሚገዛው?» ብቻ ሳይሆን «መደብሩ የት ነው? ገዢውስ ከየት ተነሥቶ ይመጣል?» የሚል ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ መጠይቆች የሰውን ማንነት ሲጨምሩ ይህን የቦታ ጥያቄ ጥለውታል። ልውውጡ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያለ ማዘዣ የሚገዛበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ከመደብሩ መስኮት ፊት ነው።

ሕጉ አልጎደለም። ከአዋጅ ቁጥር 176/1991 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 661/2002 እና በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በኩል የመድኃኒት ቁጥጥር ሥርዓት ተዘርግቷል። ነገር ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ካርድ ማውጣት፣ መሰለፍና የላቦራቶሪ ውጤት መጠበቅ የቀን ሠራተኛውን የአንድ ቀን ደመወዝ ያሳጣዋል። ከመደብሩ ደግሞ ባዶ ማሸጊያ አሳይቶ ወይም የካፕሱሉን ቀለም ተናግሮ በአምስት ደቂቃ ይገዛል። ገንዘቡ ለሙሉ መጠን ካልበቃ ግማሹን ይወስዳል። የቀረውን ለጎረቤት ይሰጣል፤ ወይም የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ ይነሰንሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ለሁሉም ክፍት በሆነ መስኮት ፊት ነው። የሚያስከፍለው ዋጋም የሁሉም ነው፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት እንደ ሞቱ በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት የታተመው ግምት ያስረዳል።

ጫትም እንዲሁ ቶሎ ለአንድ አካባቢ ሕዝብ የሚሰጥ ልማድ ነው። በየመን የተሠራ ጥናት ጫት በሚቃምበት ሰዓት የተወሰደ አምፒሲሊን ወደ ሰውነት የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ለሐኪም ጠቃሚ ዕውቀት ነው። ሆኖም ዛሬ ጫት በሐረር ብቻ ሳይሆን በባሕር ዳርም በአዲስ አበባም ይቃማል። ሐኪሙ «ከምሥራቅ የመጣ ይቅማል፣ ከሰሜን የመጣ አይቅምም» ብሎ ከገመተ መድኃኒቱ ለምን እንዳልሠራ ሳያውቅ ወደ ሌላ፣ ጠንከር ወዳለ መድኃኒት ይሸጋገራል።

ዘር የሚቆጠርበት ቦታ

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ የዘር ሐረግ በሕክምና ምንም ዋጋ የለውም ማለት ሌላ ስሕተት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ የዘረመል ጥናት ከተመረመሩት ውስጥ 29 በመቶው ሲ.ዋይ.ፒ. 2 ዲ 6 የተባለውን ኤንዛይም የሚሠራው ዘረመል ተደራርቦ እንዳለባቸው አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይንን በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጣል። ኮዴይን ያለበትን የሳል ሽሮፕ ያለ ማዘዣ ገዝታ ለልጇ የምትሰጥ እናት ይህን አደጋ የምታውቅበት መንገድ የላትም። በ2017 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ የወሰነው ይህንኑ አደጋ በማሰብ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ግልጽ ነው። ያ ጥናት ደም ወስዶ፣ ዘረመሉን ለክቶ፣ ያገኘውን ተናገረ። የመጠይቅ ጥናቶች ግን አንድ ሰው ስለ ወገኑ በተናገረው ቃል ላይ ተመሥርተው የሚበላውን፣ የሚገዛበትን፣ የሚፈራውንና የሚያምነውን ሁሉ እንዳወቁ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው ከባድ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ አቋራጭ ነው።

ምን ይደረግ?

ተመራማሪው «ብሔረሰብ» የሚለውን መስመር ከመጻፉ በፊት ለምን እንደሚያስፈልገው በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ይገባዋል። ቋንቋን ማወቅ ከፈለገ ቋንቋን ይጠይቅ፤ ምግብን ከፈለገ ምግብን፤ ርቀትን ከፈለገ እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን የእግር መንገድ። ምክንያት ከሌለው መስመሩን ይተወው። መስመሩን ካስቀመጠም የቤት መድኃኒትንና የመደብር መድኃኒትን ለያይቶ ይጠይቅ፣ የሚጠየቀውን ጊዜ በቀን ይወስን፣ መቶኛውን ከምን እንዳሰላ ይናገር። የመጽሔት አዘጋጆችም ይህን ያላሟላ ጽሑፍ ለእርማት ቢመልሱ ማንንም አይበድሉም።

ሐኪሙ ደግሞ ለሁሉም ሕመምተኛ፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ሳይቆጣና ሳያሾፍ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢያቀርብ ይበቃዋል። «ሲያምዎ መጀመሪያ ምን አደረጉ? ከቤት ምን ወሰዱ? ከመደብር ምን ገዙ? ስንት ቀን ዋጡት? የተረፈ ካለ ያሳዩኝ።» እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለት ደቂቃ አይፈጁም። አንቲባዮቲክ ቀድሞ የወሰደን ሕመምተኛ የባክቴሪያ ምርመራ «ምንም አልተገኘም» ሲል ሐኪሙ እንዳይታለል የሚያደርጉት እነዚህ ናቸው። የደማውን ሆድ ምክንያት የሚያወጡትም፣ የደከመውን ዓይን የሚያስረዱትም እነርሱው ናቸው። አዛውንቱም የመንግሥት ሠራተኛውም በዚያ ሌሊት ሊጠየቁ የሚገባቸው ይህንኑ ነበር።